የትንፋሽ ቁጥር ለምን ለሁሉም ታካሚ 20 ሆኖ ይጻፋል?

የማታ ተረኛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ክቡራን የመድረኩ አባላት፣ በነርስነት ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። የተመደብኩት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ ተረኛ ሆኜ የ28 አልጋዎችን ቻርት አንድ በአንድ ስገልጥ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰውነት ሙቀቱ ከታካሚ ታካሚ ይለያያል፤ የደም ግፊቱና የልብ ምቱም እንዲሁ። የትንፋሽ ቁጥሩ ግን በሳንባ ምች የተኛውም፣ በስኳር በሽታ የተኛውም፣ በማግስቱ ወደ ቤቱ የሚሸኘውም፣ ሁሉም በደቂቃ 20 ነው። ከእነዚህ መካከል በሦስት ትራስ ተደግፈው የሚቀመጡ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፉ አዛውንት ነበሩ፤ የእሳቸውም ቻርት ለአራት ቀናት ያህል 20፣ 20፣ 20 እያለ ይወርዳል። እኔ ሙሉ ደቂቃ ቆሜ ስቆጥር 34 አገኘሁ።

ለሲኒየሯ ስነግራት አልተቆጣችም። በደግነት፣ «የኔ እህት፣ አንቺ ሁሉንም ስትቆጥሪ መድኃኒቱን ማን ይሰጥልሻል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ማምለጫ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ከእኔ የበለጠ የሠራችሁ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ፦ ከሌሎቹ የቫይታል ሳይን መለኪያዎች ተለይቶ ትንፋሽ ብቻ በግምት የሚጻፈው ለምንድን ነው? ደግሞስ የሰው እጥረቱ እንዳለ ሆኖ በታማኝነት መለካት የሚቻልበት መንገድ አለ?

ጡረተኛዋ ሲስተር

ልጄ፣ በዋርድ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ጊዜ ሆኖኛል። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ የማውቀው መልስ አጭር ነው፤ ትንፋሽን የሚቆጥርልሽ መሣሪያ እጅሽ ላይ የለም። ቴርሞሜትሩ ቁጥር ይሰጥሻል፤ የግፊት መለኪያውም እንዲሁ። ትንፋሽን ግን አንቺው ራስሽ ዓይንሽን ደረት ላይ፣ ጆሮሽን ለዋርዱ ጩኸት ደፍነሽ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሌላ ነገር ሳትሠሪ መቆም አለብሽ። ቆማ የምትታይ ነርስ ደግሞ በእኛ ቤት ሥራ የፈታች ትመስላለች። 20 የተመረጠበትም ምክንያት አለው። የጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው ተብሎ ስለተማርን፣ 20 ማለት ጠያቂ የማይጠራ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ትንሽ የታመመ ይመስላል፤ ግን ማንንም አያስደነግጥም። እኔም በወጣትነቴ ጽፌዋለሁ፤ ይህን ሳልናገር ብመክርሽ ግብዝነት ይሆንብኛል።

አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ ለታካሚው ትንፋሹን ልትቆጥሪ እንደሆነ አትንገሪው፤ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱን ሳይወድ ይለውጣል። የእጅ አንጓውን ይዘሽ የልብ ምቱን ከቆጠርሽ በኋላ እጁን ሳትለቂ ወደ ትንፋሹ እለፊ፤ እሱ አሁንም ምቱን የምትቆጥሪ ይመስለዋል። የደረት መነሣትና መውረድ አብረው አንድ ናቸው። ታካሚው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረቱ ካልታየሽ፣ የያዝሽውን እጁን ደረቱ ላይ አሳርፊው፤ እንቅስቃሴው በእጅሽ ይሰማሻል።

15 ሰኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። በ15 ሰኮንድ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ብትስቺ ስሕተቱ አራት ይሆናል። ደግሞም በዚህ መንገድ ከ16፣ ከ20፣ ከ24ና ከመሳሰሉት በቀር ሌላ ቁጥር ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ 17 ወይም 23 የሚባል ቁጥር ፈጽሞ የማይገኝበት ቻርት ሳይ እንዴት እንደተቆጠረ ወዲያው ይገባኛል።

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱን ስትጽፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይለይ። «6 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ሌሊቱ ስድስት ነው ወይስ ንጋት አሥራ ሁለት? በዚህ ምክንያት የስድስት ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት መለኪያዎች አንድ ላይ ሲነበቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዋላጅ ነኝ

ሲስተር ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። በማዋለጃ ክፍል ግን ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ የትንፋሽ ቁጥር መድኃኒት ለመስጠትና ለመከልከል የሚያገለግል መለኪያ ነው። በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት የመጣች እናት እንዳትንቀጠቀጥ ማግኒዥየም ሰልፌት እንሰጣታለን። መድኃኒቱ ሲበዛ የጡንቻ ምላሽን ያደክማል፤ ቀጥሎም ትንፋሽን ያቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተከታይ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ጉልበቷ ሲመታ ምላሽ መስጠቱ፣ ባለፉት አራት ሰዓታት የሽንቷ መጠን በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ።

አንድ ሌሊት ተረኝነት ስረከብ፣ የአንዲት እናት ቻርት በሦስት ተከታታይ መስመር 20 ይላል። ቀጣዩን መርፌ ቀድቼ አጠገቧ ስደርስ ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም ከመድኃኒቱ ይሁን ከምጡ መለየት አቃተኝ። ጉልበቷን ብመታ ምላሽ የለም። ትንፋሿን ብቆጥር 9። መርፌውን አስቀምጬ ሐኪም አስጠራሁ፤ ለዚሁ ተብሎ በሣጥን የሚቀመጠው ካልሲየም ግሉኮኔት፣ አንድ ግራም፣ በደም ሥር በዝግታ ተሰጣት፤ ኦክስጅንም ተደረገላት። ተረፈች። በዚያ ቻርት ላይ 20 ብላ የጻፈችው ባልደረባዬ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በዚያው ሰዓት ሁለት እናቶች አብረው ወልደውባት ነበር። ነገር ግን እኔ በእሷ 20 አምኜ መርፌውን ብሰጥ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እናንተም ታውቁታላችሁ።

አስታማሚ ልጅ

የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ውይይታችሁን ሳነብ ግን የራሴ ጉዳይ ትዝ አለኝና ልጠይቅ። የ67 ዓመት አባቴን በቅርቡ ለምርመራ ስወስደው ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጣ። እንደደረሰ ጀርባ በሌለው በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ እጅጌውን ብቻ ወደ ላይ ሰብስበው፣ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ እድሜውንና አድራሻውን እየጠየቁት ግፊቱን ለኩት። 168 በ96 ሆነ ተባለ፤ ወዲያው «ደም ብዛት አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለት። ቤት ስንመለስ ጎረቤት ባላት መለኪያ ተረጋግቶ ሲለካ 134 በ82 ነው። ለነገሩ በዚያን ጠዋት እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር አቦሉንም ቶናውንም ጠጥቶ ነበር የወጣው። የትኛውን ቁጥር እንመን?

ጠቅላላ ሐኪም

ያላየኋቸውን ታካሚ በተመለከተ ልፈርድ አልችልም፤ የታዘዘውን መድኃኒትም ካዘዘው ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ። አለካኩን በተመለከተ ግን የዘረዘሩት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቁጥሩን ወደ ላይ የሚገፋ ነው። ሰውየው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ ጀርባው መደገፍ፣ ሁለቱም እግሮቹ ሳይጠላለፉ ወለል መንካት፣ ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ማረፍ ነበረበት። በሚለካበት ጊዜ እሱም ለኪውም ዝም ማለት አለባቸው። የተሰበሰበ እጅጌ ክንድን እንደ ገመድ ያስራል። ቡና ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መጠጣት የለበትም፤ ሽንትም መሸናት ይገባል። አንድን ሰው የደም ግፊት ታማሚ ነው ለማለት፣ ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ ወይም የጉዳት ምልክት ያለው ካልሆነ በቀር፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የቤት መለኪያችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱና በእሱ ፊት ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር አስተያዩት፤ የሳምንት መዝገብም ጠዋትና ማታ እየለካችሁ ብታዘጋጁ ከማንኛውም ክርክር በላይ ያግዘዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ በእኛ በሐኪሞች በኩል ያለውን ጥፋት ማንም ስላልጠቀሰው ራሴ ልጥቀሰው። ጠዋት ራውንድ ስንወጣ በመጀመሪያ የምንጠይቀው የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ቀጥሎ ራጅ። የቫይታል ሳይኑ ወረቀት አልጋው እግር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ሳንገልጠው ወደሚቀጥለው አልጋ እናልፋለን። ነርሷ በሌሊት የጻፈችውን ቁጥር የሚያነብ ሐኪም ከሌለ፣ ቁጥሩ እውነት ይሁን ልብ ወለድ ልዩነት አይኖረውም፤ እሷም ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች። ለአራት ቀናት ያህል 20 ከተጻፈላቸው አዛውንት አጠገብ ለአራት ቀናት የቆመ ሐኪም ነበረ ማለት ነው፤ እሱም ዓይን አለው።

እውነቱን እንነጋገር

በአክብሮት መቃወም እፈልጋለሁ። እዚህ የሚጻፈው ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው፤ ሁላችንም ፈተና ላይ ጽፈነዋል። አንዲት ነርስ ለ28 ታካሚ በተመደበችበት ሌሊት፣ ለአንድ ታካሚ አምስት ደቂቃ ብትመድብ መለካቱ ብቻ 140 ደቂቃ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በአራት ሰዓት አንዴ ይለካ ከተባለ ደግሞ ከሌሊቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መለካት ሊበላው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማንም ያልነካው ነገር አለ። የጥራት ቁጥጥር ኮሚቴ ሲመጣ የሚያየው ሣጥኖቹ መሞላታቸውን ብቻ ነው። ባዶ ከተውኩት ተጠያቂ እሆናለሁ፤ 20 ከጻፍኩ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። እንግዲህ እውነት የሚያስቀጣ፣ ውሸት የሚያስመሰግን ሥርዓት ውስጥ ያለችን ወጣት ነርስ በስብከት መለወጥ ይቻላል ወይ?

ጡረተኛዋ ሲስተር

ወንድሜ፣ ስለ ኮሚቴው ያልከው እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨምርበትም። ስለ ሰዓቱ ስሌት ግን አልስማማም። ቴርሞሜትሩ ብብት ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ባለው ጊዜ አንተ ምን ትሠራለህ? በእኛ ዘመን የሜርኩሪው ቴርሞሜትር ከ35 በታች እስኪወርድ ተራግፎ ብብት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆይ ነበር፤ ምቱም ትንፋሹም የሚቆጠረው በዚያ መካከል ነው። የዛሬው ዲጂታል ቴርሞሜትር ቶሎ ቢጮህም ለአንድ ትንፋሽ ቆጠራ የሚበቃ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። የትንፋሽ ደቂቃ ተለይቶ የሚጨመር ደቂቃ አይደለም፤ በቴርሞሜትሩ ደቂቃ ውስጥ ያለ ነው። ጊዜ የሚያባክነው አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር፣ ከዚያም አንዱን የግፊት መለኪያ ፍለጋ ከዋርድ ዋርድ መዞር ነው።

መለካት ያልቻልከውን ደግሞ ባዶ ሣጥን አታድርገው፤ ሰረዝ አስምርና «አልተለካም፣ ድንገተኛ ታካሚ ነበረ» ብለህ ከነፊርማህ ጻፍ። ያ ባዶ ቦታ ሳይሆን መረጃ ነው።

የሕክምና መሣሪያ ጥገና

ከዋርድ ዋርድ ስለመዞር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወደ ጥገና ክፍላችን ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣው የግፊት መለኪያ ብዙው የተቀደደ ጎማ ወይም የላላ ቫልቭ ያለበት ነው። የሚያሳዝነኝ ግን የማይመጣው ነው፤ ሳይነፋ መርፌው ዜሮ ላይ የማያርፍ ባለ ሰዓት መለኪያ፣ በእያንዳንዱ ታካሚ ላይ ያንኑ ስሕተት እየጨመረ ዓመት ይከርማል። ከመንፋታችሁ በፊት መርፌውን እዩት፤ ዜሮ ላይ ከሌለ ላኩልን። የሜርኩሪ መለኪያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት እየተወገዱ ስለሆነ፣ ማመሳከሪያ አድርገን የምናስቀምጠው እየጠፋ ነው፤ በዚህም ምክንያት የየጊዜው ማስተካከያ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋው ጨርቅ፣ ስፋት ነው። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 የሠራው የመጀመሪያው ካፍ ጠባብ ስለነበር ቁጥሩን አለቅጥ ከፍ ያደርግ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ጀርመናዊው ፎን ሬክሊንግሃውዘን አስፍቶ ያረመው። እኛ ዋርድ ውስጥ ዛሬም አንድ ካፍ ለሁሉም እንጠቀማለን። የተለመደው የአዋቂ ካፍ የሚሆነው የክንድ ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። በወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን ያስረዝማል፤ በበሽታ በከሳ ክንድ ላይ ደግሞ ያሳጥራል። በዋርዳችሁ ውስጥ የትኛው ዓይነት ክንድ እንደሚበዛ እናንተ ታውቃላችሁ።

ረዳት ነርስ ከቨርጂኒያ

ከዚህ ከአሜሪካ ሆኜ ሳነብ የገረመኝ፣ የሰው ኃይሉና መሣሪያው የተሟላ በሚመስልበት ቦታም ያው ታሪክ መኖሩ ነው። እኛ ጋ በጎማ እግር የሚገፋ ማሽን አለ፤ ግፊቱን፣ ምቱን፣ ኦክስጅኑን፣ ሙቀቱን ሁሉንም ራሱ ለክቶ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። የማይልከው ትንፋሽን ብቻ ነው። ስለዚህ በእናንተ 20 የሆነው በእኛ 18 ነው፤ ማታ ላይ የሁሉም አዛውንት ትንፋሽ 18 ሆኖ ያድራል። የሚያስቀው ለረዳት ነርስነት የተግባር ፈተና ስቀመጥ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ቆጥሬ ከፈታኟ ቁጥር ከሁለት በላይ ከራቅኩ እወድቅ ነበር። ፈተናውን ካለፍን በኋላ ግን ማንም አብሮን አልቆጠረም።

በጣት ላይ ስለሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ለእኛ ለጥቁሮች ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 እዚህ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ በደም ምርመራ ግን የኦክስጅን ማነስ የተገኘባቸው ጥቁር ታካሚዎች ድርሻ፣ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በሚቀጥለው ዓመት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ መሣሪያው 94 ሲላችሁ ታካሚው ግን 30 ጊዜ ከተነፈሰ፣ እኔ የማምነው ደረቱን ነው።

ጠቅላላ ሐኪም

እህታችን ያነሳችው ትልቅ ነጥብ ነው፤ የአገራችንን ሁኔታ ልጨምርበት። መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ቀለም የሚያነብ ስለሆነ፣ ጥፍር ላይ ያለ ቀለም፣ እንሶስላም ሆነ ሂና፣ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል፤ ቀለም የሌለበት ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይመረጣል። ከዚህ የሚብሰው የከሰል ጭስ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ተኝቶ የመጣ ሰው ደሙ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ሳለ መሣሪያው 98 ወይም 99 ሊያሳይ ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱን ቀይ ቀለሞች መለየት አይችልም። ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ከመሣሪያው ይበልጣል።

አሁን ሰዓት ላልበቃት ወጣት ነርስ። የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሺያንስ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ መለኪያ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። እነዚያን አዛውንት በምሳሌነት እንውሰድ። ኦክስጅን ሳይሰጣቸው የጣት መለኪያው 93፣ የልብ ምታቸው 112፣ የላይኛው ግፊት 118፣ ሙቀታቸው 37.8 ነው፣ አእምሯቸውም ንቁ ነው እንበል። የጣቱ 2፣ የልብ ምቱ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ግፊቱ፣ ሙቀቱና ንቃቱ ምንም የላቸውም። ትንፋሻቸው 34 ተብሎ ከተጻፈ 3 ነጥብ ይጨመርና ድምሩ 7 ይሆናል፤ 7 ማለት ልምድ ያለው ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ ማለት ነው። 20 ተብሎ ከተጻፈ ግን ትንፋሹ ዜሮ ነጥብ አለው፤ ድምሩ 4 ሆኖ ይቀርና ሰውየው እስከ ጠዋት ይጠብቃሉ። የጣት መለኪያው ወሰን እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት አልዘነጋሁም፤ የትንፋሹ ወሰን ግን እዚህም ያገለግለናል።

ስለዚህ 28ቱም እኩል አይለኩ። ነጥባቸው ዜሮ የሆኑት በ12 ሰዓት አንድ ጊዜ ይብቃቸው፤ የተረፈው ሰዓት ለአምስቱ ወይም ለስድስቱ ከባድ ታካሚዎች ይዋል። ይህን ለመወሰን ነርሷ ብቻዋን ሥልጣን የላትም፤ ራውንድ ላይ «ይህ ታካሚ በየስንት ሰዓቱ ይለካ?» ተብሎ በሐኪም ፊርማ መጻፍ አለበት። እኔ ከነገ ጀምሮ እጽፋለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

በገጠር ቀበሌ ለምንሠራ የትንፋሽ ቆጠራ ላቦራቶሪያችንም ራጃችንም ነው። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ይዞት የመጣን ሕፃን የሳንባ ምች አለው ወይስ የለውም የምንለው በዚህ ነው፤ ከሁለት ወር እስከ 12 ወር ላለው በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር በታች 60 ሲሆን፣ ደግመን ቆጥረን ያው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን።

እናንተ አዋቂን መቁጠር ከብዷችኋል፤ የእኛዎቹ ያለቅሳሉ፣ ይጠባሉ፣ ይወራጫሉ። ያለቀሰ ሕፃን አይቆጠርም። እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ፣ ከሁሉም ምርመራ በፊት፣ ገና ሳይነካ ልብሱን እናቱ ራሷ ትገልጥለትና ከሩቅ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሙቀቱን ለክቼ ካስለቀስኩት ግማሽ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። እኔ 20 ብዬ ብጽፍ ሱፐርቫይዘሬ ይስቅብኛል፤ ምናልባት እኛ በትክክል የምንቆጥረው ቁጥሩ ላይ የሚንጠለጠል ውሳኔ ስላለ ይሆናል።

አዋላጅ ነኝ

እህቴ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ልክ ነው። እኛም ዘንድ ለማግኒዥየም የሚቆጠረውና ለወጉ የሚቆጠረው አይመሳሰልም።

ጡረተኛዋ ሲስተር

በዚሁ ላይ ሳለን፣ መለኪያው በየአራት ሰዓቱ መሆኑ ፈጽሞ የማይበቃባቸውን ሁለት ጊዜያት ለወጣቶቹ ላስታውስ። አንደኛው ደም ሲሰጥ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት፣ እንደተጀመረ፣ በ15ኛው ደቂቃ፣ ከዚያም ቢያንስ በየሰዓቱ ይለካል፤ ለታካሚው የማይስማማ ደም ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው የሚናገሩት። ሁለተኛው ዛሬ ብዙዎቻችሁ ያላያችሁት፣ እኛ ግን ክረምት ከክረምት የተዋጋነው፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት እንደተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታካሚው ብርቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ቀጥሎም ግፊቱ ይወርዳል። በዚህ መካከል የሚሞቱ ነበሩ። አለቃችን መርፌውን ከወጉ በኋላ ወንበር አስመጥተው አልጋው አጠገብ ያስቀምጡን ነበር፤ እስኪያልበው ድረስ አትነሱም ይሉናል። እኔ ቁጭ ብሎ ማየትን የተማርኩት እዚያ ነው።

የማታ ተረኛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደገና ተረኛ ነበርኩ። የሲስተርን ምክር ይዤ ቴርሞሜትሩ ብብት ውስጥ እያለ ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ በእርግጥም ያሰብኩትን ያህል ጊዜ አልፈጀም። ከ28ቱ የ19ኙን ሙሉ ደቂቃ ቆጥሬያለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንገተኛ ታካሚ ስለገባብን የዘጠኙ ቀረ፤ ሰረዝ አስምሬ ምክንያቱን ጻፍኩ። ሲኒየሯ አይታ ምንም አላለችም፤ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠችኝ እንጂ፤ የእኔው የሰኮንድ ቆጣሪ የለውምና።

አዛውንቱ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል፤ ተረኛው ሐኪም «ራስሽ ነሽ የቆጠርሽው?» ብሎ ጠይቆኝ መጣ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ 28 ነበሩ። ጠዋት ተረክበው የገቡት ባልደረቦቼ የሦስት ሰዓቱን ለክተው ሲጨርሱ፣ ልብሴን ቀይሬ ስወጣ በአልጋቸው አጠገብ አለፍኩና ቻርቱን ገለጥኩት። ከእኔ 28 ሥር 20 ተጽፏል። ቦርሳዬን ወለል ላይ አስቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። 27 ነበር።